ልጁ ሲዛወር ዕውቀቱም አብሮት ይዛወራልን?

ይህችን ጽሑፍ ለግድግዳ ጋዜጣችን እንዳቀርብ ያነሳሳኝ ባለፈው ሰሞን በመኝታ ክፍላችን የተነሳ ክርክር ነው። አርእስቱ «የሞተ ቋንቋ መማር ምን ይጠቅማል?» የሚል ነበር። አንዱ ጓደኛችን፣ «ፈረንጆቹ ላቲን ላቲን እያሉ ልጆቻቸውን ስንት ዘመን ሲያደክሙ ኖሩ፤ እኛም ግዕዝ ግዕዝ እያልን በከንቱ እንደክማለን። በላቲን ዳቦ አይገዛም፤ በግዕዝም የታክሲ ሒሳብ አይከፈልም» ሲል ክፍሉ በሳቅ ተሞላ። ሌላው ደግሞ በተቃራኒው ተነስቶ፣ «ላቲንም ሆነ ግዕዝ አእምሮን የሚስል ሞረድ ነው። እሱን የተማረ ልጅ ሒሳቡም ሳይንሱም ይቀለዋል» ብሎ ተከራከረ። ክርክሩ መብራት እስኪጠፋ ቀጠለና ማንም ማንንም ሳያሳምን ተኛን።

በበኩሌ ሁለቱም ወገኖች አንድ ትልቅ ነገር የዘለሉ ይመስለኛል። የዘለሉትም ነገር በቀጥታ የኛን ሙያ የሚመለከት ነው። ስለዚህ በመጀመሪያ ስለ ጥንታዊ ቋንቋዎች የማውቀውን ጥቂት ነገር፣ ቀጥሎም የአክስቴን ልጅ ከቆሎ ትምህርት ቤት ወደ መንግሥት ትምህርት ቤት ለማዛወር ስንደክም ያየሁትን አቀርባለሁ። ሁለቱን ነገሮች ምን አገናኛቸው የሚል አንባቢ ቢኖር እስከ መጨረሻው እንዲታገሠኝ እለምናለሁ።

እንደሚታወቀው ላቲን የጥንት ሮማውያን ቋንቋ ነው። የሮም መንግሥት በምዕራብ በኩል ከወደቀ በኋላ እንኳ ከሺህ ዓመት በላይ የአውሮፓ የቤተ ክርስቲያን፣ የሕግና የሳይንስ ቋንቋ ሆኖ ቆይቷል። አይዛክ ኒውተን የእንቅስቃሴ ሕጎቹን እ.ኤ.አ. በ1687 ሲያሳትም የጻፈው በአገሩ በእንግሊዝኛ ሳይሆን በላቲን ነው። ስዊድናዊው ካርል ሊኔየስም እ.ኤ.አ. በ1753 ባሳተመው መጽሐፍ ለዕፅዋት ሁለት ሁለት ቃል ያለው የላቲን ስም እየሰጠ መዘገባቸው። እኛ በባዮሎጂ ክፍለ ጊዜ የምንሸመድደው ስም ሁሉ የዚህ አሠራር ውጤት ነው። እንሰት «ኤንሴቴ ቬንትሪኮሱም» ይባላል፤ «ቬንትሪኮሱም» ማለት ሆዱ የተነፋ ማለት ነው። የእንሰትን ግንድ ከግርጌው ያየ ሰው ስሙ ወዲያው ይገባዋል። ኑግ «ጉይዞቲያ አቢሲኒካ»፣ ኮሶም «ሀጌኒያ አቢሲኒካ» ሲባሉ ሁለተኛው ቃል አገራቸውን፣ ማለትም የኛኑ አገር ይጠራል። ቡና ግን «ኮፌያ አራቢካ» ተባለ፤ የዓረብ ቡና እንደ ማለት ነው። ስሙ ቡና ወደ አውሮፓ የሄደበትን መንገድ እንጂ የበቀለበትን የኢትዮጵያን ደን አይናገርም። እነዚህን ቃላት ትርጉማቸው ተነግሮት የሚማር ተማሪና እንዲሁ በቃሉ የሚይዝ ተማሪ እኩል አይደሉም።

ግዕዝም ለኛ ከዚህ ጋር የሚመሳሰል ቦታ አለው። የአክሱም ዘመን ቋንቋ ነበር። ከአፍ መፍቻነት ከወጣ ሺህ ዓመት ገደማ ቢሆነውም በቤተ ክርስቲያንና በጽሕፈት ሲያገለግል ኖሯል። የነገሥታቱ ዜና መዋዕል እንኳ እስከ ዐፄ ቴዎድሮስ ዘመን ድረስ በግዕዝ ነበር የሚጻፈው። በዝምድና ረገድ ላቲንና ግዕዝ ፍጹም አይገናኙም፤ ግዕዝ ሴማዊ ነው፣ ላቲን ግን የሌላ ቤተሰብ ልጅ ነው። አማርኛም ቢሆን በቀጥታ ከግዕዝ የተወለደ ሳይሆን የቅርብ ዘመዱ መሆኑን የቋንቋ ሊቃውንት ይናገራሉ። ይሁን እንጂ ሁለቱ ቋንቋዎች በታሪክ የተገናኙበት አጋጣሚ አለ። እ.ኤ.አ. በ1649 ኢዮብ ሉዶልፍ የተባለ ጀርመናዊ ሊቅ ከመጻሕፍት የተማረውን ግዕዝ ይዞ ሮም ሄደና የመካነ ሥላሴውን አባ ጎርጎርዮስን አገኛቸው። እ.ኤ.አ. በ1652ም አባ ጎርጎርዮስ እስከ ጀርመን አገር ድረስ ተጉዘው አስተማሩት። ሉዶልፍ የግዕዝ መዝገበ ቃላቱን እ.ኤ.አ. በ1661፣ የአማርኛ ሰዋስውና መዝገበ ቃላቱን ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1698 አሳተመ። እነዚህ ሁሉ የተጻፉት በላቲን ነው። እንግዲህ አንድ የአማርኛ መምህር የገዛ ቋንቋውን የቆየ የታተመ ሰዋስው ላንብብ ቢል ላቲን ሊማር ነው! ነገሩ እንዲህ የተጠላለፈ ነው።

እስከዚህ ድረስ «ሞረድ ነው» ያለውን ጓደኛችንን የምደግፍ እመስላለሁ። ግን እሱንም ሙሉ በሙሉ አልደግፈውም። በሥነ ልቡና ትምህርታችን ስሙን ደጋግመን የምናነሳው ኤድዋርድ ቶርንዳይክ ይህንኑ ጥያቄ መርምሮታል። እ.ኤ.አ. በ1901 ከዉድዎርዝ ጋር ሆኖ ባቀረበው ጥናት፣ በአንድ ነገር ላይ የተገኘ ችሎታ ወደ ሌላ ነገር የሚሻገረው ሁለቱ ነገሮች የጋራ አካል ሲኖራቸው ብቻ ነው አለ። እ.ኤ.አ. በ1924 ደግሞ በሺህ የሚቆጠሩ የአሜሪካ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎችን አወዳድሮ፣ ላቲን የተማሩት በጠቅላላ የማሰብ ችሎታቸው ሌላ ትምህርት ከወሰዱት ይህን ያህል እንዳልበለጡ አሳየ። ታዲያ ላቲንም ግዕዝም ከንቱ ነው ማለት ነውን? አይደለም። ጥናቱ የሚያስተምረን ዕውቀት በራሱ እግር ከአንዱ ትምህርት ወደ ሌላው እንደማይሄድ ነው። የሚያሻግረው ሰው ይፈልጋል። ያም ሰው መምህሩ ነው።

በመጽሐፍ ላይ ይህ «የትምህርት ዝውውር» ይባላል። በየትምህርት ቤቱ ጽሕፈት ቤት ደግሞ «ዝውውር» ማለት ልጁ መሸኛውን ይዞ ከአንዱ ትምህርት ቤት ወደ ሌላው መሄዱ ነው። እኔ ሁለቱ አንድ ጉዳይ መሆናቸውን የተረዳሁት በአክስቴ ልጅ ነው።

ልጁ ያኔ 13 ዓመቱ ነበር። ከሰባት ዓመቱ ጀምሮ ጎጃም ገጠር ውስጥ በአንዲት ደብር የኔታ ዘንድ ተምሯል። ሀሁን፣ አቡጊዳን፣ መልእክተ ዮሐንስን አልፎ ዳዊት ደግሟል፤ ቅኔ ቤት ገብቶም ግሥ ማውረድ ጀምሮ ነበር። ሌሊት በቃል፣ ቀን በመጽሐፍ እየተማረ፣ በመካከሉም አኮፋዳውን አንግቶ «በእንተ ስማ ለማርያም» እያለ፣ ከውሻ ጋር እየታገለ የዕለት ምግቡን ይለምናል። አባቱ ሲያርፍ አክስቴ ወደዚህ ከተማ መጥታ ቤት ተከራየችና እንጀራ እየጋገረች መሸጥ ጀመረች። ልጇንም አጠገቧ ልታደርገው ቆረጠች። «ዘመኑ የካርድ ነው፣ ልጄ። ዳዊቱ ለነፍሱ ይሁነው፤ ለሥጋው ደግሞ ካርድ ያስፈልገዋል» አለችኝ።

ልናመጣው የሄድነው በ2016 ዓ.ም. ፍልሰታ ከተፈታ በኋላ ነው። እኔ የኔታ ይቆጣሉ ብዬ ፈርቼ ነበር። እሳቸው ግን አልተቆጡም፤ ረጅም ጊዜ ዝም አሉ። ከዚያም ወደ አክስቴ ዞር ብለው፣ «እናት ነሽና ውሰጂው። ልጁ ብሩህ ነው፤ ቢቆይልኝ ደስ ባለኝ ነበር» አሏት። እኔን ደግሞ፣ «አንተ አስተማሪ ልትሆን ነው አሉኝ። እዚያ ስትደርሱ ምንም እንደማያውቅ አድርገው እንዳይቀበሉት አደራ። ከባዶ አልጀመረም ብለህ ንገርልኝ» አሉኝ። ወረቀት አስመጥተው የተማረውን አንድ በአንድ በእጃቸው ጻፉ። የሰበካ ጉባኤው ማኅተምም ተመታበት።

ያንን ወረቀት ይዘን ወደ አንድ ትምህርት ቤት ሄድን። የሚመዘግቡት ሰውዬ ወረቀቱን ገለጥ አድርገው አዩና፣ «ይኼ ማስረጃ አይሆንም። መሸኛ አለው? ካርድ አለው?» አሉን። የለውም አልን። «እንግዲያው አንደኛ ክፍል ይግባ፤ ሌላ መንገድ የለም።» አክስቴ፣ «ጌታዬ፣ ልጁ እኮ ያነባል፤ እስቲ አንድ ጊዜ ያስነብቡት» ብትላቸው፣ «እናቴ፣ ሰልፉን አያዩትም?» ብለው ቀጣዩን ጠሩ። ሰውዬው ክፉ ናቸው ለማለት አልችልም። ከኋላችን እውነትም ረጅም ሰልፍ ነበር። ከፊታቸው ያለው ቅጽም «ቀድሞ የተማረበት ክፍል» የሚል እንጂ «የሚያውቀው ነገር» የሚል ቦታ አልነበረውም።

ልጁ እስከ ማታ አንድ ቃል አልተናገረም። በማግስቱ ጠዋት ወደ አክስቴ ቤት ስሄድ አኮፋዳውን አንግቶ በር ላይ ቆሞ አገኘሁት። «ወደ የኔታ ልመለስ ነው። ከሰባት ዓመት ሕፃን ጋር ተቀምጬ ሀሁ ከምቆጥር እዚያው ብለምን ይሻለኛል» አለ። አክስቴ አለቀሰች። ወርቅ ላበደረ ጠጠር እንዲሉ፣ ስድስት ዓመት በብርድና በረሃብ ያጠራቀመው ትምህርት በአንድ ደቂቃ ውስጥ ዜሮ ተብሎበታል። ያን ዕለት ቢሄድ ኖሮ ከእናቱም ከአዲሱ ትምህርትም ተለይቶ መቅረቱ ነበር። ሰው ትምህርት ቤት ጠልቶ ሄደ ይሉታል እንጂ ትምህርት ቤቱ ሳያውቀው ሸኘው የሚል የለም። «አንድ ሳምንት ስጠኝ» ብዬ በስንት ልመና አስቀረሁት።

በሳምንቱ ወደ ሌላ ትምህርት ቤት ሄድን። በዚህኛው ካርድ ስላለመኖሩ ሳይጠየቅ በፊት እኔ ራሴ ቀድሜ፣ «መመዘኛ ፈተና ይሰጠው» ብዬ ጠየቅሁ። ርእሰ መምህርቷ የየኔታን ወረቀት እስከ መጨረሻው አነበቡት። ከዚያ ጠረጴዛቸው ላይ የነበረ ጋዜጣ አንስተው፣ «ና እስቲ፣ ይችን አንብብልኝ» አሉት። ልጁ ብድግ ብሎ አንድም ቃል ሳይስት፣ ግን እንደ ዳዊት በዜማ እየሳበ ዘለቀው። ሴትየዋ ሳቃቸውን ዋጥ አድርገው ጻፍ አሉት። እዚህ ላይ እጁ ተንቀጠቀጠ፤ የቆሎ ትምህርት ቤት ለንባብና ለቃል የሚደክመውን ያህል ለጽሕፈት አይደክምምና ፊደሉ አንዱ ትልቅ አንዱ ትንሽ ሆነበት። መደመር ቻለ፤ መቀነስ በግማሽ ቻለ፤ ማካፈል አልቻለም። የእንግሊዝኛውን ፊደል ጭራሽ አያውቅም።

ርእሰ መምህርቷ ጥቂት አሰቡና፣ «አራተኛ ክፍል ይግባ፤ በሙከራ። በመንፈቅ ዓመቱ በሒሳብና በእንግሊዝኛ ካልተራመደ ሦስተኛ እናደርገዋለን» ሲሉ ወሰኑ። ወደኔም ዞረው፣ «እጩ መምህር ነኝ አላልክም? እንግዲያው ይኸው የማስተማር ልምምድህ» አሉኝ። ከዚያ ቀን ጀምሮ በሳምንት ሦስት ምሽት አክስቴ ቤት ምጣዱ አጠገብ ተቀምጠን እናጠና ነበር።

ዋናው ነገሬ ያለው እዚህ ላይ ነው። ልጁን ከባዶ ላስተምረው በሞከርሁበት ጊዜ ሁሉ አልሆነም፤ ከሚያውቀው ነገር ተነስቼ በሞከርሁ ጊዜ ግን ፈጠነ። ጥቂት ምሳሌዎች ልስጥ።

የመጀመሪያው ማካፈል ነው። «ይህን ያህል ደርሶ ይህን ያህል ይተርፋል» እያልሁ ሳስረዳው ልጁ በድንገት፣ «ይኼማ ወንበር ማውጣት ነው!» አለ። የኔታ በየዓመቱ ዘመን ሲለወጥ ባሕረ ሐሳብ ሲያወጡ እየሰማ ነው ያደገው። ስሌቱን በቃሉ ይዞታል፤ በወረቀት ላይ ሲሠራ ግን አይቶ አያውቅም። አብረን ሠራነው። ለ2017 ዓ.ም. 5,500 ሲደመር 7,517 ዓመተ ዓለም ይሆናል። ለ19 ሲካፈል 395 ደርሶ 12 ይተርፋል። ከተረፈው አንዱ ሲቀነስ 11፣ ይኸው ወንበር ነው። 11 በ11 ሲባዛ 121፤ ለ30 ሲካፈል 4 ደርሶ 1 ይተርፋል፤ አበቅቴ ተገኘ። 11 በ19 ሲባዛ 209፤ ለ30 ሲካፈል 6 ደርሶ 29 ይተርፋል፤ መጥቅዕ ተገኘ። ልጁ ወዲያው፣ «ትክክል ነው፤ አበቅቴና መጥቅዕ ሲደመሩ 30 መምጣት አለባቸው» ብሎ እኔን አረመኝ ማለት ይቻላል። መልስን መልሶ የማረጋገጥ ልማድ አለው! ይህን ብዙዎቻችን 12ኛ ክፍል ጨርሰንም አላዳበርነውም። ከዚያ ምሽት በኋላ ማካፈል የሚባል ችግር አልነበረብንም።

ሁለተኛው እንግሊዝኛ ነው። ቅኔ ቤት ግሥ ሲወርድ ቀተለ ብሎ ኃላፊውን፣ ይቀትል ብሎ ትንቢቱን፣ ይቅትል ብሎ ዘንዱንና ትእዛዙን እያረባ ነው። ልጁ በእርባታ አፉን የፈታ ስለሆነ የእንግሊዝኛውን ግሥ «ጎ፣ ዌንት፣ ጎን፤ ራይት፣ ሮት፣ ሪተን» እያልን እንደ ግሥ አወረድነው። እሱም በየኔታ ዜማ ያወርደው ጀመር። አክስቴ ከምጣዱ ላይ ቀና ብላ፣ «ደግሞ ይኼ የየት አገር ቅዳሴ ነው?» እያለች ትስቃለች። የወራት ስምም እንዲሁ ነበር። እኔ ላቲን የት አውቄ? በተቋማችን ቤተ መጻሕፍት ካለው ትልቁ የእንግሊዝኛ መዝገበ ቃላት የቃረምኋቸው ጥቂት ቃላት ናቸው ያሉኝ። «ረቡዕ ለምን ረቡዕ ተባለ?» ብዬ ጠየቅሁት። «ራብዕ፣ አራተኛ ቀን ነዋ። ኀሙስም አምስተኛ» አለ። «እንግዲያው በላቲን ሴፕቴም ሰባት፣ ኦክቶ ስምንት፣ ኖቬም ዘጠኝ፣ ዴኬም አሥር ነው» ስለው ሴፕቴምበርን፣ ኦክቶበርን፣ ኖቬምበርን፣ ዲሴምበርን በአንድ ጊዜ ያዘ። ትንሽ ቆይቶ ግን፣ «ዲሴምበር በፈረንጅ አሥራ ሁለተኛ አይደለም እንዴ?» አለኝ። የጥንት ሮማውያን ዓመት የሚጀምረው ከማርች እንደ ነበረ ነገርሁት። ተማሪ እንዲህ ያለ ጥያቄ ሲጠይቅ መምህር ለመሆን መምጣቴ ደስ ይለኛል።

ሦስተኛው በክፍሉ ውስጥ የሆነ ነው። የአማርኛ መምህሩ ተውላጠ ስም ምን እንደሆነ ሲጠይቁ ልጆቹ ሁሉ ደብተራቸው ላይ ያለውን ትርጓሜ በቃላቸው ወረዱት። ይኸኛው ግን፣ «ወለጠ ማለት ለወጠ ነው። ተውላጠ ስም የስም ለውጥ፣ ምትክ ማለት ነው። ተውሳከ ግሥም ወሰከ ጨመረ ካለው መጥቶ የግሥ ጭማሪ ነው» አለ። መምህሩ ወደ ሰሌዳው ጠርተው «ሠዓሊ»ንና «ሰአሊ»ን እንዲጽፍ አደረጉት፤ ሥዕል የሚሥለው በንጉሡ «ሠ»፣ «ለምኚ» የሚለው ደግሞ በእሳቱ «ሰ» መሆኑን አስረዳ። እስከዚያ ቀን ድረስ ልጆቹ ሊያፌዙበት «መሪጌታ» ይሉት ነበር። ስሙ ከዚያ በኋላም አልቀረም፤ ግን «መሪጌታ፣ ይችን ቃል በየትኛው ሀ ልጻፋት?» እያሉ የሚጠሩበት ሆነ።

እርግጥ ነው፣ ሁሉም ነገር አልተሻገረም። ድምፅ ሳያሰማ ማንበብ እስከ ጥር ድረስ አቃተው። የክፍሉ ጫጫታ ያስፈራዋል። መምህር እየተናገረ እጅ አውጥቶ መጠየቅ ለእሱ ድፍረት ነው። አንድ ቀንም የእንግሊዝኛ መምህርቱን «እሺ፣ የኔታ» ብሏቸው ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። መምህርቷ ግን፣ «ምን ያስቃችኋል? የኔታ ማለት የኔ ጌታ ማለት ነው፤ ክብር ነው የሰጠኝ» ብለው ትምህርቱን ቀጠሉ። ያቺ አንዲት ዓረፍተ ነገር ከኔ የአንድ ወር ማስጠናት ትበልጣለች። ደግሞም የቆሎ ትምህርት ቤት ልማድ ሁሉ መልካም ነው ብዬ አልከራከርም። ሳይገባቸው በቃል የሚይዙት ብዙ ነው፤ ዱላውም ረሃቡም ልጅን ይጎዳል። የምለው ልጁ ይዞ የመጣው ዕውቀት እንዳይጣል ነው።

በመንፈቅ ዓመቱ ፈተና በአማርኛ 93፣ በሒሳብ 68፣ በእንግሊዝኛ 51 አመጣ። 51 ለማንም የሚያኮራ ውጤት አይደለም፤ ከአምስት ወር በፊት ፊደሉን ለማያውቅ ልጅ ግን ብዙ ነው። አራተኛ ክፍል ቆየ፤ በዓመቱ መጨረሻም ወደ አምስተኛ ክፍል አለፈ። አክስቴ ካርዱን በላስቲክ ጠቅልላ የየኔታ ወረቀት ካለበት ሣጥን ውስጥ አስቀመጠችው።

እንግዲህ የዚህ ሁሉ ፍሬ ነገር ለኛ ምንድን ነው? ነገ ተመርቀን በየገጠሩና በየከተማው ስንመደብ ካርድ የሌለው፣ ወይም ካርዱ የኛን ቅጽ የማይመስል ልጅ በር ላይ ቆሞ እናገኛለን። ከቆሎ ትምህርት ቤት ብቻ አይደለም የሚመጣው። ከቁርአን ቤት የሚመጣ ልጅ አለ፤ ሉሁን ይዞ ከዓረብኛ ፊደል ጋር ዓመታት አሳልፏል፣ በቃሉ የያዘውም ብዙ ነው። ይህ ልጅ ደብተሩን ከቀኝ ወደ ግራ ቢጀምረው ዓረብኛ የሚጻፈው ከቀኝ ወደ ግራ መሆኑን እንጂ ምንም አለማወቁን አያሳይም። ቤተሰቡ ሥራ ለውጦ ከኦሮሚያ ትምህርት ቤት የሚመጣም ልጅ አለ። እሱ በቁቤ ስለተማረ የላቲን ፊደል ያውቃል፤ ለእንግሊዝኛ ትልቅ ስንቅ ነው። ነገር ግን በቁቤ «ኤክስ» የሚባለው ፊደል «ጠ»ን፣ «ሲ» የሚባለውም «ጨ»ን ይወክላል። የእንግሊዝኛውን ቃል በዚህ ሕግ ቢያነበው ስሕተቱ ከዕውቀት የመጣ ስሕተት ነው። መምህሩ ሕጉን ካወቀለት በአንድ ሳምንት ይቃናል፤ ካላወቀለት ደነዝ ተብሎ ከኋላ ወንበር ይቀመጣል።

ስለዚህ ከልጁ ጋር ስንገናኝ የመጀመሪያው ጥያቄያችን «ካርድህ የታል?» ብቻ መሆን የለበትም። «ምን ተምረሃል? እስቲ አሳየኝ» ልንለው ይገባል። የምንሰጠው መመዘኛም የሚጥል ብቻ ሳይሆን ከየት እንደምንጀምር የሚያሳየን ይሁን። ከዚያ እሱ በሚያውቀውና እኛ በምናስተምረው መካከል የጋራውን ነገር መፈለግ አለብን። ይህ የጋራ ነገር አንዳንድ ጊዜ እኛ በማናውቀው ትምህርት ውስጥ ነው ያለው፤ ያኔ ልጁን ራሱን መጠየቅ ነው። እኔ ባሕረ ሐሳብን የተማርሁት ከ13 ዓመት ልጅ ነው፤ አላፈርሁበትም።

በዚህም ምክንያት የጥንት ቋንቋ ጥቅም ተማሪውን ብቻ የሚመለከት ሆኖ አይታየኝም። እኛ መምህራን ጥቂት ግዕዝ፣ ጥቂትም የላቲን ሥረ ቃላት ብናውቅ በማስተማሪያ መጽሐፎቻችን ውስጥ የተበተኑት ቃላት ከየት እንደመጡ ለልጆቹ ልንነግራቸው እንችላለን። «ማኅበር»፣ «ኅብረት»፣ «ማኅበራዊ» የሚሉት ሁሉ «ኀበረ» ከሚለው፣ «መምህር»ና «ትምህርት»ም «መሀረ» ከሚለው መምጣታቸውን ማስረዳት አምስት ደቂቃ አይፈጅም። ለዚህ ሊቅ መሆን አያስፈልግም። አለቃ ኪዳነ ወልድ ክፍሌ የደከሙበትና በ1948 ዓ.ም. የታተመው የግዕዝ ሰዋስውና መዝገበ ቃላት አለ። አንድ ቃል ባጠራጠረን ቁጥር ገልጦ ማየት ብቻ ነው።

ይህ የኔ የአንድ ሠልጣኝ አስተያየት ነው። መምህሮቻችን የጎደለውን ቢሞሉልን፣ በተለይም ካርድ ለሌለው ልጅ መመዘኛ እንዴት እንደሚዘጋጅ በአንድ ክፍለ ጊዜ ቢያወያዩን ብዬ አሳስባለሁ። ከመካከላችንም ከቆሎ ትምህርት ቤት ወይም ከቁርአን ቤት አልፋችሁ እዚህ የደረሳችሁ እንዳላችሁ አውቃለሁ። ዘመናዊ ትምህርት ቤት በገባችሁበት የመጀመሪያ ሳምንት ምን እንደገጠማችሁ፣ ማን እንደረዳችሁ ጽፋችሁ ከዚሁ ጽሑፍ አጠገብ ብትለጥፉልን ለሁላችንም ይጠቅመናል። ቸር እንሰንብት።